የ1904ቱ የ20 ዶላር ወርቅ፦ ከወርቁ ዋጋ በላይ ስንት ልክፈል ላልሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በ1904 የተመታ የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ የጥራት ደረጃው ከ70 62። ነጋዴው ከወርቁ ዋጋ ላይ 18 በመቶ ጨምሮ ጠይቆሻል፤ «አሮጌ ስለሆነ ከተራ ወርቅ በላይ እያደገ ይሄዳል» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ለልጆችሽ ትምህርት ልታስቀምጪው ነው። በዚህ ዋጋ አትግዢው። ይህን የምልሽ በገዛ ገንዘቤ ስለተማርኩት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከ2008ቱ የባንኮች ቀውስ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ወርቅ ሮጦ ነበር። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን ይዤ ገባሁ። በ2009 መጨረሻ ላይ አንድ በስልክ የሚሸጥ ነጋዴ በ1924 የተመቱ፣ ደረጃቸው 64 የሆነ ሁለት የሴንት ጎደንስ (በቀራጺው ስም የሚጠራ ሌላ ዓይነት የአሜሪካ ወርቅ) 20 ዶላር ሸጠልኝ፤ አንዱን በ1,800 ዶላር። ያን ሳምንት ወርቅ በአውንስ 1,150 ዶላር ገደማ ነበር። ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 0.9675 አውንስ ስለሆነ የወርቁ ዋጋ 1,112 ዶላር አካባቢ ነው። 688 ዶላር የከፈልኩት ወርቅ ላልሆነ ነገር ነበር ማለት ነው። በ2024 ኤፕሪል ላይ የቤት ጉዳይ ገጠመኝና አንዱን ልሸጥ ወሰድኩት። ወርቅ 2,350 ዶላር ደርሷል፤ ሳንቲሙ ቢቀልጥ እንኳ ከ2,270 በላይ ያወጣል። የተሰጠኝ 2,300 ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ፤ ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው። ወርቁ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የእኔ 688 ዶላር ከ30 በታች ሆና ቀረች። በዚያው 1,800 ዶላር አምስት በመቶ ጭማሪ ከፍዬ አዲስ የወርቅ ሳንቲም ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ወደ አንድ ተኩል አውንስ እይዝ ነበር፤ በሸጥኩበት ቀን ዋጋ 3,500 ዶላር ገደማ ነው።

ነጋዴው ሳንቲሙ አሮጌ መሆኑን ሲነግርሽ አልዋሸሽም። ግን አሮጌ ማለት ብርቅ ማለት አይደለም። የእኛ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ያለው የማርትሬዛ ብር ሁሉ ላዩ ላይ 1780 ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ስንትና ስንት ዘመን ተመትቷል። በ1904 ፊላደልፊያ ብቻ ከ6.2 ሚሊዮን በላይ የ20 ዶላር ወርቅ ተመትቷል። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ ወርቁን በአውንስ 20.67 ዶላር ለመንግሥት እንዲያስረክብ ሲያዝዙ ብዙው ቀልጧል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት እጅግ ብዙ ሳንቲም በንግድ ክፍያ ወደ አውሮፓ ባንኮች ሄዶ ስለነበር ተረፈ። ኋላ በከረጢት በከረጢት ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዪው የ1904 ሳንቲም አብዛኛው የዚያ ዘር ነው። በሌላ በኩል በ1933 የተመታው ሴንት ጎደንስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለቀለጠ አንዱ በ2021 ኒው ዮርክ ላይ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተጫርቷል። መልኩ ከእኔ 1924 ጋር አንድ ነው፣ ወርቁም እኩል ነው። ዋናው ልዩነት ስንት ተረፈ የሚለው ነው።

የወርቅ ዋጋ ሲንር ጭማሪው የሚመነምንበትም ምክንያት አለ። ዋጋው ሲወጣ የወላጆቹን ሳንቲም የወረሰው ሁሉ ለመሸጥ ይመጣል፤ ሱቁ ይሞላል። በአንድ ሳንቲም ላይ ብዙ ሺህ ዶላር አውጥቶ ለመሰብሰብ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ያንሳል። ፍርሃት ሲነግሥና ሳንቲም ሲጠፋ ጭማሪው ያብጣል። እኔ የገዛሁት ባበጠበት ሰዓት ነው፤ የሸጥኩት ሲፈስ።

ሌላም ነገር ሳይሉሽ አይቀሩም፤ ለእኔ ብለውኛል። «መንግሥት ዳግመኛ ወርቅ ቢወርስ አሮጌ ሳንቲም አይነካም» የሚል ነው። የ1933ቱ ትእዛዝ የተወው ለብርቅዬ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ልዩ ዋጋ እንዳለው የታወቀውን ነው። በሚሊዮን የተመታ፣ ያኔ ተራ መገበያያ የነበረ ሳንቲም በዚያ ይጠለላል ብሎ 18 በመቶ መክፈል ከባድ ስህተት ነው። ወርቅ መያዝ ደግሞ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ተፈቅዷል።

ሳንቲሙን ከወደድሽው አልከለክልሽም። መልኩ በጣም ያምራል፣ እኔም ሁለተኛውን አልሸጥኩትም። በሦስት ወይም በአምስት በመቶ ጭማሪ ካገኘሽው ወርቅ ነው፣ ውበቱ ተጨማሪ ነው። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፤ የዕለቱን የወርቅ ዋጋ በ0.9675 አባዢው። የ10 ዶላሩ የዚህ ግማሽ፣ የ5 ዶላሩ ሩብ ነው፤ ትናንሾቹ ላይ ጭማሪው በመቶኛ ከፍ ይላል። የሳንቲም ደረጃ በሚመረምሩትና በሚያሽጉት ድርጅቶች፣ በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ፣ የታሸገውን ምረጪ፤ ይኼ ለደረጃው ብቻ ሳይሆን ከፎርጅድ ለመጠበቅም ይጠቅማል። እውነተኛ ወርቅ ያለባቸው ፎርጅዶች አሉ፤ የተሠሩትም ለዚሁ ጭማሪ ሲባል ነው።

አንድ እህት ከታች አስተያየት መስጫው ላይ ስለ እንዲህ ያለ ሳንቲም «እናቴ አንገቷ ላይ የምታስረው አላት» ብላለች። ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም በኬሚካል የተወለወለ ሳንቲም ለሰብሳቢ አይሆንም፤ የሚያወጣው የወርቁን ነው። ለእናትሽ ግን ከዚያ በላይ ነውና እንዳትሸጪባት። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ሶቨሪን የሚባለውን የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ተመልከቱ። ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም ነው፣ የተለመዱት ዓመቶች ጭማሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፣ እዚያ አገር ሲሸጥም የካፒታል ጌይን (ከሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈል) ግብር የለበትም።

እህቴ፣ ነገ ወደ ሱቁ ስትሄጂ ገንዘብሽን ሳታወጪ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ይህንኑ ሳንቲም ዛሬ ከሰዓት መልሼ ባመጣልህ በስንት ትገዛዋለህ?» ቁጥሩን በወረቀት ይጻፍልሽ። ከሚሸጥልሽ ዋጋ ላይ ያንን ቁጥር ቀንሺ። ያ ልዩነት የልጆችሽ ገንዘብ ነው። ያለሽን እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።