«ብሩ በሎሚ ታጠበ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቪየና ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አንድ የሮም ሳንቲም ገዛሁ። ሻጩ «ብር ነው» አለኝ፤ እውነትም ነጣ ያለ ነበር። እማዬ የብር መስቀሏን እንደምታጥበው በሎሚ ፈትጌ አጠብኩት። ነጩ ሄዶ ቀይ መዳብ ወጣ! ክብደቱ 10 ግራም ነው። ባንድ በኩል ጺማም ሰው አለ። በሌላው ቀንድ የታቀፈ ራቁት ቢጤ ቆሟል፣ ከእግሩ ሥር ኤ፣ ኤን፣ ቲ የሚል ፊደል አለ። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አይ ልጄ፣ ሎሚውን ምን አመጣው! ሻጩ ብር ነው ማለቱ ውሸት ነው። ግን ሳንቲሙን ብር ያስመሰለው እሱ አይደለም፣ መንግሥት ነው።

ጺማሙ እንደ ገለጻሽ ከሆነ ዲዮቅልጥያኖስ ይመስለኛል። አዎ፣ ስንክሳር ላይ ሰማዕታትን ሲያስፈጅ የምናውቀው። ከእሱ በፊት በነበሩት 50 ዓመታት ነገሥታቱ ለወታደር ደሞዝ ሲሉ ብሩን በመዳብ እያቀጠኑ፣ «የብር» የሚባለው ሳንቲም ለወጉ ብቻ ብር ሆኖ ቀርቶ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ294 አካባቢ ገንዘቡን እንደ አዲስ አደራጀና ይህን ትልቅ የነሐስ ሳንቲም አወጣ። ከ100 ግራሙ 3 ወይም 4 ግራሙ ብር ነው፤ ላዩ ደግሞ ስስ ብር ለብሷል። ከእጅ እጅ ሲዞር የሚለቅ ልባስ ነው። ያንቺው 1,700 ዓመት ቆይቶ ነው ሎሚ ያገኘው።

ሰውየው ራቁቱን ቆሞ የፍሬ ቀንድ የታቀፈው የሮም ሕዝብ ቆሌ ነው። ጽሑፉም ይኸንኑ ይላል፦ «ጌኒዮ ፖፑሊ ሮማኒ»። ከእግሩ ሥር ያለው የአንጾኪያ ምህፃር ነው፤ እዚያ ነው የተመታው።

ገበያው ግን በቆሌ አልተረጋጋም። በ301 ንጉሡ ከሺህ በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና ሥራዎች የዋጋ ጣሪያ አወጀ፣ የጣሰ በሞት ይቀጣል አለ። ላክታንቲየስ የተባለ የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚለው ዕቃው ከገበያ ድራሹ ጠፋ። (የት አገር የሰማነው ወሬ ነው?) ቆስጠንጢኖስ ሲመጣ ነሐሱን እያሳነሰ፣ በ313 አካባቢ ሲሶው ብቻ ቀረ። የወርቅ ሳንቲሙን ግን ከአንድ የሮም ነጥር (የዘመኑ የክብደት መለኪያ) ወርቅ 72 እንዲወጣ አድርጎ አጸናው። ለባለወርቁ ጥሩ ዘመን ነበር፤ ዳቦ በነሐስ ለሚገዛው ግን አይደለም።

የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ክብደትም ቢሆን ከዚህ በኋላ ነው ወደ 1.6 ግራም የወረደው። የእኛዎቹ ሌላም ብልሃት ነበራቸው፤ በነሐሱ ላይ መስቀሉን ወይም የንጉሡን ራስ ዙሪያ ብቻ በወርቅ ይለብጡ ነበር። አንዱን በሌንስ አይቼ ደንግጫለሁ።

አትዘኚ። እኔም ወጣት ሆኜ አንዱን በአመድና በሎሚ አሽቼ ባዶ መዳብ አድርጌዋለሁ። አሁን በተጣራ ውሃ እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው፣ በወረቀት ፖስታ አስቀምጪው። ቀለል ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ የነሐስ በሽታ ነውና ከሌሎቹ ለይው፤ በእንጨት ጫፍ ጠርገሽ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ።

አንድ ነገር ግን እዪልኝ። ከቆሌው ጎን ብቻዋን የቆመች የግሪክ ፊደል ካለች፣ አንጾኪያ ውስጥ የትኛው የማተሚያ ክፍል እንደመታው ትነግረናለች። ፎቶ ላኪልኝ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።