መምህሩ ምን አለ? ለምንስ አለ?

ልጆቼ፣ የጥንቱን ፍልስፍና ስታነቡ ከዋናው መጽሐፍ ይልቅ የሚያደናግራችሁ በላዩ የተከመረው ትርጓሜ ነው። ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። ስለ ዓለም አፈጣጠር በሚናገረው በፕላቶ መጽሐፍ በ«ጢማዮስ» ውስጥ ተናጋሪው፣ ዓለም ሁልጊዜ ነበረ ወይስ ከአንድ መጀመሪያ ተነሥቶ ተገኘ ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ «ጌጎኔን»፤ ተገኝቷል።

ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አርስቶትል ግን፣ የተገኘ ነገር መጥፋቱ አይቀርም፣ እንዴት ተገኝቶ ዘላለም ይኖራል ሲል ሞገተ። የፕላቶ ደቀ መዝሙር ክሴኖክራተስ፣ አነጋገሩ ለማስተማሪያ ነው፣ የጂኦሜትሪ መምህር ሥዕሉን መስመር በመስመር እንደሚሠራው ነው ብሎ መምህሩን ሊያድን ሞከረ። አርስቶትል ይህንንም አልተቀበለም። በጂኦሜትሪ መስመሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢኖሩ የሚፋለስ ነገር የለም፤ በ«ጢማዮስ» ግን ዝብርቅርቁ ቀድሞ ሥርዓቱ ይከተላል፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለማይችሉ ጊዜ የግድ ነው። ጠንካራ መልስ ነው።

በ2ኛው መቶ ዘመን ታውሮስ የተባለው የአቴና መምህር ቃሉን የጊዜ መጀመሪያ ሳይሰጠው በአራት ፈታው፤ የእኛን የመጻሕፍት መምህራን ያስታውሳል። ተገኘ ማለት ከሚገኙት ወገን ነው፤ በምድር ሆድ ያለ ነገር ማንም ሳያየው «የሚታይ» እንደሚባል። አንድም፣ ማንም ባይገጣጥመውም በሐሳብ ሲበተን ክፍል አለው። አንድም፣ ሁልጊዜ በመለወጥ ላይ ነው። አንድም፣ ህልውናው ከሌላ ነው፤ ብርሃን ያጣችበት ጊዜ ባይኖርም ጨረቃ ብርሃኗን ከፀሐይ እንደምታገኝ። ይህን ዝርዝር ያቆየልን በ529 እ.ኤ.አ. ሊያፈርሰው የተነሣው ክርስቲያኑ ፈላስፋ ፊሎፖኖስ ነው!

የታውሮስ ስሕተት የት ላይ ነው? ቃሉ ሊይዝ የሚችለውን ፍች ሁሉ ማወቅና በዚያ ዓረፍተ ነገር የያዘውን ማወቅ ይለያያል። «ከአንድ መጀመሪያ ተነሥቶ» የሚለው ሐረግ ለአራቱም አይመችም። ቃሉን እንዳለ የተቀበለው የፕላቶ ተከታይ ፕሉታርክ በዚህ በኩል ይሻላል።

የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርትዮስ ፕላቶን ለሚተረጉም ሰው ሦስት ጥያቄ በተርታ አስቀምጧል፦ የተባለው ምንድን ነው? ለምን ተባለ፣ ዋና ሐሳብ ነው፣ ምሳሌ ነው ወይስ ተከራካሪን ለመርታት? ትክክልስ ነው? ብዙ ሰው ሦስተኛውን ያስቀድምና የመምህሩ ጠበቃ ወይም ከሳሽ ሆኖ ይቀራል። በፕላቶ መጻሕፍት ኅዳግ ይደረጉ ከነበሩት ምልክቶችም ሁለቱ ለእርሳሳችሁ ይበቃሉ፤ መስቀለኛው ለአነጋገር ዘይቤ፣ ቀስት መሰሉ ለአስተምህሮ።

«ጌጎኔን» ጎን ክሴኖክራተስ መስቀሉን፣ ፕሉታርክ ቀስቱን ባኖሩ ነበር። እናንተ ግን ምልክቱን ከማኖራችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን ገጽ አንብቡ።