«ግጥም አንብብልን»፣ «ጸሐፊ ሁኚልን» ለተባላችሁ

ልጆቼ፣

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲቃረብ በየሰፈሩ ሁለት ልመና ይሰማል። ግጥም የሚሞክረውን ልጅ «እስቲ አንድ ነገር አንብብልን» ይሉታል። የእጅ ጽሑፏ የሚነበበውን ደግሞ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ጸሐፊ ሁኚልን» ይሏታል። የመጀመሪያው እንደ ክብር፣ ሁለተኛው እንደ ሸክም ይታያል። እኔ ግን አንድ ሥራ ናቸው ባይ ነኝ፤ ሁለቱም የሰፈሩን ነገር በትክክለኛ ቃል ማስቀመጥ ነው። ገጣሚው ካጋነነ፣ ጸሐፊዋ ካድበሰበሰች ጉዳቱ ይመሳሰላል፤ ሰው የሚነበብለትን ማመን ያቆማል።

በግጥሙ ልጀምር። በእንዲህ ያለ መድረክ አዘውትሮ የሚሰማው ይህን ይመስላል፦

አባቶቻችን ሆይ ታላቅ ናችሁ ለኛ፣
ክብራችሁ አይጠፋም ስማችሁ አይተኛ።

ምጣኔው አልጎደለም፤ የወል ቤት ነው፣ 6 በ6፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ክፍሎች ይከፈላል። ቤትም ይመታል፣ የስንኞቹ መጨረሻ ይገጥማል። ግን ስም ይተኛል እንዴ? «አይተኛ» የመጣው «ለኛ» ስለጠራው ብቻ ነው። ደግሞም ሁለቱን ስንኞች ወስዳችሁ በጡረተኞች ስብሰባ ወይም በባንክ ቅርንጫፍ ምረቃ ላይ ብታነቧቸው አንድ ቃል መቀየር አያስፈልጋችሁም። ጉድለቱ እሱ ነው። አሁን ይኼን አስተያዩት፦

ድንኳኑ ተተክሎ ዝናብ ሲወርድበት፣
ሌሊቱን ያቆመው የጎረቤት ጉልበት።

ያው 6 በ6 ነው። ነገር ግን በሐምሌ ለቅሶ የድንኳን ገመድ ይዞ ያደረ ሰው አዳራሹ ውስጥ ካለ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ቤቱንም ልብ በሉ። «በት» በአማርኛ ርካሽ ቤት ነው፤ «ሄደበት፣ መጣበት፣ ቆመበት» እያላችሁ 20 ስንኝ ልትጎትቱ ትችላላችሁ፣ አድማጭ ግን አምስተኛው ላይ ይሰለቻል። በአንዱ ስንኝ ቅጥያ ሆኖ በሌላው እንደ «ጉልበት» ራሱን የቻለ ስም ሲገጥመው ጆሮ ይነቃል። «ለት» እና «ችሁ»ም እንደዚያው ናቸው።

ቀለም፣ ማለትም በአፍ የሚሰማውን ምት፣ ስትቆጥሩ በዓይን አትቁጠሩ። «ጉልበት» ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን «ጉል፣ በት» ሁለት ምት ብቻ ነው። ሳድስ ፊደል (እንደ «ል» እና «ት» ያለው) አንዳንዴ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ያልፋል። ስለዚህ ጠረጴዛ እየመታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እጃችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ምላስም ይደናቀፋል። የወል ቤት ለመድረክ የሚመቸው 6 ላይ ትንፋሽ ስለሚሰጥ ነው። 5 በ5 የሆነው ሰንጎ መገን ፈጠን ይላል፤ ለሠርግና ለጨዋታ እንጂ ለሪፖርት ቀን አልመርጠውም።

ርዝመቱ ከ24 እስከ 30 ስንኝ ይብቃ። አንድ የወል ቤት ስንኝ ከነዕረፍቱ 5 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 30ው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሄደ ከኋላ ያሉት እናቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ይጀምራሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

ከጻፋችሁ በኋላ ብቻችሁን አትውደዱት። የቅኔ ተማሪ ቆጠራውን፣ ማለትም ቅኔ ማውጠንጠኑን፣ ለብቻው ተቀምጦ ይጨርስና ነገራውን፣ ማለትም ያወጣውን ቅኔ መናገሩን፣ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ያቀርባል። ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃና እንኳ ሳትታረም አታልፍም። እናንተም ለሁለት ሰው አንብቡ፦ ግጥም ለሚያውቅ አንድ፣ ግጥም ለማይወድ አንድ። ሁለተኛው ሰው «ምን አልክ?» ያለበትን ስንኝ ያለርኅራኄ አውጡት።

ስለ ሰው ስም ጠንቀቅ በሉ። በሕይወት ያለን ሰው ስም የምታነሱት አስፈቅዳችሁ ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ ግጥም ውስጥ አይገባም፤ 5,000 የሰጠው ቢደሰት 50 የሰጠችው ትሸማቀቃለች፣ ለሷ ደግሞ 50ው ይከብዳል። ለሟች ከሆነ ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በየትኛው ስም እንዲጠራ እንደሚፈልጉና ማን መጀመሪያ መጠቀስ እንዳለበት። ቀብር ላይ ሳይሆን ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ብታነቡ ይሻላል፣ ለዚያውም ከጠየቋችሁ። በአንድ እድር ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ ለአንዱ ቤት ወግ የሆነው ለሌላው ነውር ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን ቤት ልማድ መለኪያ አታድርጉ።

ከፊት ወንበር የወረዳ ባለሥልጣን ከተቀመጠ ገጣሚው ይፈተናል። እንግዳው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ «ሌላ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቻችሁ ግን ነገም አብረዋችሁ አሉ። ግጥሙን ለማን እንደምትጽፉ ከዚያ ቁጠሩት።

ለማንበብ ስትወጡ ፊደሉን አተልቃችሁ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ፤ ስልክ ላይ ማንበብ በመሐል ሲደወል መከራ ነው። ማይክሮፎኑን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ሲጠጋ «ጰ» እና «በ» ይፈነዳሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ያለ ማይክሮፎን ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ድረስ መሰማታችሁን ቀድማችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ጸሐፊዋ። ቃለ ጉባኤ እዚያው ይጻፋል፣ ቤት ገብቶ በትዝታ አይደለም። ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የተገኙና የቀሩ፣ ምልዓተ ጉባኤው በደንቡ መሠረት መሟላቱ፣ አጀንዳ፣ የተባለው፣ የተወሰነው፣ የድምፅ ቁጥር፣ ፊርማ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የምትለዋ ላይ ነው። ሦስት ሰው ተቃውሞ ሳለ እንዲህ ከጻፍሽ ከሦስቱ አንዱ በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ሲያይ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ይጠራጠራል። «61 ደገፉ፣ 3 ተቃወሙ፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ስትሳሳቺ ማጥፊያ ቀለም አትቀቢ፤ የተሰረዘው እንዲነበብ አንድ መስመር አስምሪበትና አጠገቡ ፈርሚ። ገንዘብ ሁሌም በአሃዝና በፊደል ይጻፍ፤ 1,000 ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፣ «አንድ ሺህ» ላይ ግን አይቻልም።

ወርኃዊ መዋጮውን በሁለት ቁጥር አቅርቢ፤ የሚጠበቀውንና የገባውን። 200 አባል በ50 ብር ቢሆን የሚጠበቀው 10,000 ነው፤ የከፈሉት 172 ከሆኑ የገባው 8,600፣ ውዝፉ 1,400። ብዙ እድር የሚናገረው የገባውን ብቻ ነው፤ ውዝፉ ተደብቆ ዓመት ይከርምና አንድ ሰው ሲሞት «ይቀበራል፣ አይቀበርም» ጭቅጭቅ በለቅሶ ቤት ደጃፍ ይነሳል። የእድር ጠብ አብዛኛው ከዚች ቁጥር ይጀምራል። የተበላሸ ደረሰኝ ተቀድዶ አይጣልም፤ «የተሰረዘ» ተብሎበት ከነቀሪው ጥራዙ ላይ ይቆያል። ከባንክ ወጪ የሚደረገው ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ሲፈርሙ ይሁን፣ ፈራሚዎቹም ባልና ሚስት አይሁኑ።

ንብረቱም ቃል አለው። ሳህንና ብርጭቆ ሲወጣና ሲመለስ ተቆጥሮ ተረካቢው ይፈርማል። ድንኳን እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በሳምንት ይሻግታል፣ በየካቲት ሲዘረጋ ቀዳዳው እንደ ወንፊት ያሳያል፤ ስለዚህ «ተመለሰ» ብቻ ሳይሆን «ደርቆ ተመለሰ» ተብሎ ይመዝገብ።

ገጣሚውና ጸሐፊዋ የሚገናኙት ሰፈሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈለግ ነው። ክረምት ሳይገባ የጎርፍ ቦይ ይጠረግ እንበል። የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አዳምጡት፤ ማን እንዳረፈ፣ የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። የጥሪ ግጥምም ይህን ይማር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚያዘውን መሣሪያ ጸሐፊዋ ከውሳኔው ታውጣ፣ ገጣሚው የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ላይ ያስገባው። «ተነሱ፣ እንነሳ» ብሎ የሚያልቅ ግጥም ያስጨበጭባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አካፋ ይዞ የሚመጣ የለም።

ይህ ጥምረት አዲስ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ ሕዝቡን የሚቀሰቅሱት በንግግርና በግጥም ነበር። ከባለቅኔዎቹ መካከል የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ አሉ፤ በቅኔ ቤት የሰለጠነ አፋቸውን ለአደባባይ አማርኛ ያዋሉ ሰው። አንዱ ማኅበሩን ያደራጃል፣ ሌላው ቃሉን ያቀናል። ከማኅበሩ የተወለደው የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ዛሬም በማኅበሩ ስም አለ።

የአገልግሎት ዘመናችሁ ሲያልቅ ርክክቡ በአንድ ቀን፣ በተቆጣጣሪው ፊት ይሁን፦ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ ማኅተም፣ የአባላት ዝርዝር፣ ያለቁና ያልተጀመሩ የደረሰኝ ጥራዞች ከነተራ ቁጥራቸው፣ የባንክ ደብተር፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ። በጉባኤው የተነበበ ግጥም ካለም አንድ ቅጂ የቀኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያያዝ፣ ገጣሚውም ከግርጌው ይፈርም።