መልስ፦ «ባክ ኢን ብላክ» ምኑ ነው እንዲህ የሚወደደው?

«የሮክ ባንዱን የኤሲ/ዲሲን አልበም ሰማሁት፤ ሦስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ነው፣ ሰው ምኑን ነው የሚያብድለት?» ላልከው፦ ኮርዱ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። እስቲ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ድገመውና መግቢያውን ልብ በል። ጊታሩ ይመታል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይመታል። ጭንቅላት የሚያስነቀንቀው መሃል ላይ ያለው ክፍተት ነው። ከበሮ መቺው ፊል ራድም ክፍተቱን ለመሙላት አይቸኩልም። ሁሉም ሰው የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ የሚዘለውን ጊታሪስቱን አንገስን ያያል። ለእኔ ግን ሞተሩ ከኋላ ቆሞ ሪትም ጊታር ይመታ የነበረው ወንድሙ ማልኮም ነው።

ታሪኩንም ማወቅ ይጠቅማል። ዘፋኛቸው ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1980 ሞተ። በእሱ ቦታ ብራያን ጆንሰንን ተኩ፣ ባሃማስ ሄደው ከፕሮዲዩሰር መት ላንግ ጋር ቀረጹ፣ አልበሙ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣ። ሽፋኑ ጥቁር የሆነው ለሐዘን ነው። የመጀመሪያው ዘፈንም በቀስታ በሚደወል ደወል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግን ለቅሶ የለም፤ መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ጩኸት ነው። የሞተውን ጓደኛቸውን እየጨፈሩ ነው የሸኙት። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ግጥሙ ላይ አልሟገትህም። ስለ ሴት የሚያወሩት አንዳንዱ ነገር ዛሬ ሲሰማ ይጎረብጣል።

ደግሞ በስልክ ስፒከር ከሆነ የሰማኸው፣ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ጭራሽ አልደረሰህም። ደህና ማዳመጫ ፈልግና ድምፁን ከፍ አድርገው።