ብቻዬን እየኖርኩ ሰንበትን እንዴት ላክብር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ነው። ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ እገባለሁ። እሑድ አስቀድሼ ስመለስ የሳምንቱ ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል። ውኃም በፈረቃ ነው፤ ለእኛ ብሎክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እሑድ ነው። እናቴ ቤት ሰንበት ደስ ይል ነበር። እዚህ ግን ወይ ስሠራ ወይ ስልክ ስነካካ ይመሽብኛል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሰንበትን እንዴት ያክብር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ነው። እግዚአብሔር ሰንበትን ሲያዝዝ የሚያርፉትን አንድ በአንድ ይጠራል፦ አንተ፣ ልጆችህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ። ምክንያቱንም ይጨምራል፤ ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ይላል።

ብቻውን የሚኖር ሰው ግን የቤቱ ጌታም አገልጋይም ራሱ ነው። አንቺ ቤት እመቤቲቱ አስቀድሳ ትገባለች፤ ሠራተኛዋ ነጠላዋን አስቀምጣ ልብስ ልትዘፈዝፍ ትሄዳለች። ሁለቱም አንቺ ነሽ። ቤትሽ ሌላ ሠራተኛ ብትኖር እሑድን ሙሉ ልብስ እጠቢ አትያትም ነበር። ያንን ርኅራኄ ለራስሽም አድርጊ። ትእዛዙ ሠራተኛዋን አልረሳትም።

ስለ ቅዳሜ ልመለስ። ቅዳሜም ሰንበታችን ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ለዚህ ነገር ብዙ ተሰደዋል። በኋላም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወስኗል። አንቺ ግን ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትገቢው ለእንጀራሽ ነው፤ በዚህ ኅሊናሽን አታስጨንቂ። የምለምንሽ ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። የልብሱን ክምር ከእሑድ አንስተሽ ወደ ቅዳሜ አታሻግሪው። ከሥራ ስትመለሺ በሳምንቱ መካከል ሁለት ማታ ተከፋፍሎ ይታጠብ።

ውኃውስ? ቅዱልኝ የምትያቸው ሰው ከሌለ ራስሽ ቅጂ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠችውን ሴት በሰንበት ፈውሶ ሲከሱት፣ እናንተስ በሬያችሁን ወይም አህያችሁን በሰንበት ፈትታችሁ ውኃ ልታጠጡ አትወስዱምን ብሏቸዋል። ጄሪካንና በርሜል መሙላት እንዲሁ ነው። ሙይና ክደኚው። ውኃው መጣ ተብሎ ግን ቀኑን ሙሉ ማጠቢያ ላይ መጎንበስ ሌላ ነገር ነው፤ የተቀዳው ውኃ ለሰኞም ለማክሰኞም ይሆናል።

የሰንበት ደስታ የሚዘጋጀው ዋዜማው ላይ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤል መናውን በስድስተኛው ቀን እጥፍ የሰበሰቡት ለዚሁ ነበር። አንቺም ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሽሮሽን ወይም ምስርሽን ሠርተሽ፣ እንጀራሽን ገዝተሽ፣ ቤትሽን ጠርገሽ እደሪ። ነጠላሽን ተኩሰሽ ስቀዪ። የምትቆርቢ ከሆነ ደግሞ የ18 ሰዓቱ ጾም አለ፤ የቅዳሜ ምሳሽን በጊዜ ብዪ። ከቅዳሴ ደክሞሽና ርቦሽ ስትገቢ ቤቱ ንጹሕ፣ ወጡ የተዘጋጀ ሆኖ ሲጠብቅሽ፣ እናትሽ ቤት የነበረው ደስታ ከየት ይመጣ እንደነበር ይገባሻል። እናትሽ ቅዳሜ ማታ ሲደክሙለት የነበረው ነገር ነው።

እሑድ ወጥ ማሞቅ፣ ቡና ማፍላት ኃጢአት ነው ወይ ብለው የሚጨነቁ አሉ። አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ እህል ሳንቀምስ እንድንውል አታዝም፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከሌላው የፍስክ ምግብ ብቻ እንከለከላለን። የፋሲካ ዋዜማዋ ቅዳሜ፣ ቀዳም ስዑር፣ ብቻ ትለያለች። ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ሰንበትን ደስታ ብለን እንድንጠራው ይነግረናል። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ ብለሽ ድስቱን ከፍተሽ ቆመሽ አትብዪ። መሶቡን አውጪ፣ ጸልየሽ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከዚያ ብትተኚም ተኚ። እንቅልፍም ዕረፍት ነው።

ለጸሎቱ ብዙ አልጨምርብሽም። ውዳሴ ማርያም ለእሑድ የራሱ ክፍል አለው። ዳዊትሽም በሳምንቱ አከፋፈል መዝሙሮቹን ቅዳሜ ጨርሶ ለእሑድ የነቢያትን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን ያስቀምጣል። ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው፤ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ የራስ ድምፅም ያጽናናል። ስልክሽን እስከ ማታ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። የሥራ ቦታው የቴሌግራም ግሩፕ ሰኞም ይኖራል። እናትሽ ጋ ለመደወል ብቻ አንሺው።

አንድ ነገር ግን እፈራልሻለሁ። የብቻ ዕረፍት ቀስ በቀስ በር ዘግቶ መኖር ሊሆን ይችላል። ያ ከትእዛዙ እንግዳውን አውጥቶ መጣል ነው። በወር አንድ ሁለቴ ቡናውን ስታፈዪ የጎረቤትሽን በር አንኳኪ፤ በተለይ ልጆቻቸው ርቀውባቸው ብቻቸውን የሚውሉ እናት ካሉ። አጥቢያሽ ያለውን ሰንበቴም ግቢ፤ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ በተራ እየደገሱ አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ብዙ ላጤዎች ተራ ሲደርሰኝ ማን ያግዘኛል ብለው ይሸሹታል። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴውን ሙሴ፣ ማለትም መሪውን፣ አግኝተሽ ብቻሽን እንደምትኖሪ በግልጽ ንገሪያቸው። ዳቦው ተገዝቶ ሊቀርብ ይችላል፤ አባላቱም ይተጋገዛሉ።