የባንዱ ሰው ትዝታ፦ ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በወጣትነቴ በአንድ ስመ ጥር ባንድ ውስጥ ለዓመታት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። ዛሬ አዳማ ላይ ልጆችን ጊታር እያስተማርኩ እኖራለሁ። ትዝታዬን በመጽሐፍ ለማውጣት ብነሣም፣ ያማከርኳቸው ሁሉ «የድምፃዊውን ገመና ካልጻፍክ ማን ያነብልሃል?» ይሉኛል። ድምፃዊው በሕይወት አለ፤ የተለያየነው ተጣልተን ነው። ደግሞስ የዘፈኖቹን ግጥምና የባንዱን የቆዩ ፎቶዎች ማውጣት እችላለሁን? (አንጋፋው ቤዝ ተጫዋች፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አንጋፋው ወንድማችን፣ የመከሩዎት ሰዎች ስለ ገበያው አልተሳሳቱም፤ የዝነኛ ሰው ገመና ይሸጣል። ይሁን እንጂ ገመናውን ጎረቤቱም ሊጽፈው ይችላል፤ ዘፈኑ በልምምድ ቤት እንዴት እንደተሠራ ግን ከባንዱ ሰዎች በቀር የሚነግረን የለም። በካሴት ዘመን ሽፋኑን የሚሞላው የድምፃዊው ፎቶ ነበር፤ አጃቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በባንዱ ስም ብቻ ተጠቅሰው ያልፋሉ። መሐሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. የተጫወተውን «ኧረ መላ መላ» የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ያጀበው አይቤክስ ባንድ መሆኑን የሚያውቀው ግን በጣም ያንሳል፣ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ለይቶ የሚጠራማ ከሙዚቀኞች ውጭ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የትኛውን ዘፈን ማን እንዳቀናበረው፣ መግቢያውን ማን እንደፈጠረው፣ የትኛው ቅንብር በልምምድ ላይ ተጥሎ በሌላ እንደተተካ ሲጽፉ፣ ሽፋኑ ያስቀረውን እየሞሉ ነው።

ሌሊቱንም ይጻፉልን። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በነበረበት ወቅት ታዳሚው ክበቡ ውስጥ ተዘግቶበት ሲያድር፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት እንደነበር ከዘመኑ ሙዚቀኞች ሰምተናል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣት ሲዝል የትኞቹን ዘፈኖች ታስረዝሙ ነበር? ድምፃዊው ጉሮሮውን ሲያሳርፍ መድረኩን በመሣሪያ ብቻ የያዘው ማን ነበር? ግንባር ላይ የሚለጠፈው የሽልማት ብር ለድምፃዊው ይቀር ነበር ወይስ ለባንዱ ይከፋፈል? (ባንዶችን ከፍቅር ጣጣ ይልቅ ያፈረሳቸው ይህ ክፍፍል ይመስለኛል።) የፍጥነት መንገዱ ሳይሠራ፣ በደብረ ዘይትና በሞጆ በኩል ድምፅ ማጉያውንና ድራሙን ጭናችሁ ወደያኔዋ ናዝሬት ለሥራ መጥታችሁ ከሆነ፣ ዕቃውን ማን እንዳወረደ ሳይቀር ይግባበት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው በዚያው ከቀሩ በኋላ ዋሺንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ፣ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ተናግረዋል። አንባቢ ስለ ስደተኛ ሙዚቀኛ ኑሮ ከዚህ የሚረዳውን ያህል ከአንድ ምዕራፍ ሐሜት አያገኝም።

ጠቡን መዝለል የለብዎትም፤ ከዘለሉት አንባቢው የባንዱን መፍረስ ምክንያት ከራሱ ይፈጥራል። ነገር ግን ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ያስፍሩ፤ ድምፃዊው በልቡ ምን አስቦ እንደነበር መፍረድ የእርስዎ ድርሻ አይደለም። በሕይወት ያለን ሰው ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ በሕግም ያስጠይቃል። ምዕራፉን ከመታተሙ በፊት በቦታው ለነበረ ሌላ የባንዱ አባል ማስነበብ ደግሞ ብዙ ነገር ያቃናል።

ግጥምን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በእኛ አገር ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲና ድምፃዊው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሙሉ ግጥም ለማተም ፈቃድ የሚጠየቀው ገጣሚው ወይም ወራሾቹ ናቸው እንጂ የተኳረፉት ድምፃዊ አይደለም። ጥቂት ስንኝ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ ማስገባት ግን ይቻላል።

ለፎቶዎቹ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የተነሺውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ታዋቂ ሰዎችንና በአደባባይ የተከናወኑ ድርጊቶችን ለይቶ ያስቀራል። የመድረክ ፎቶዎች በዚህ ምክንያት ያለ ተነሺው ፈቃድ ሊወጡ ይችላሉ፤ በመኖሪያ ቤት የተነሡትን ግን ያስፈቅዱ፣ የአንሺውንም መብት አይርሱ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስምና የያዙትን መሣሪያ ይጻፉ፤ የረሱትን ስም ዛሬውኑ ደውለው የባንዱን አባላት ይጠይቁ።