የወል ጀልባ፣ የወል ሥራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት የደብረ ብርሃን ጓደኛሞች ዝዋይ ሐይቅ ላይ በጋራ የገዛናት ጀልባ አለችን። ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት ነው። ለክረምቱ ወደ ቤት አምጥተነው አሁን በርሜል ውስጥ ስናስነሳው ጥቁር ጭስ ይተፋል። መካኒኩ የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ በጠባብ እንቀይረው ይላል። እንቀይር?

መልስ፦ አትቀይሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ዝዋይ ሐይቅ ግን 1,640 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጭሱም ከዚያ ይመጣል። እዚህ አጥብባችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ስትወርዱ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ቅባቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይነካከሳል። ካርቡሬተር የሚስተካከለው ሞተሩ በሚሠራበት ከፍታ ላይ ነው።

በርሜሉ ላይ መፈተሽ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ውኃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት መሸፈን አለበት። ሞተሩ እንደተነሣ ከጎኑ ቀጭን ውኃ ካልወጣ ወዲያው አጥፉት። ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ በቀጭን ሽቦ ጥረጉት፤ ካልሆነ የውኃ ፓምፑ ጎማ አልቋል። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ደለሉ ይህን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። በዓመት አንዴ ለውጡት። ሞተሩንም በደረቁ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አታስነሱ።

የማርሽ ዘይቱን ስትቀይሩ የታችኛውን ብሎን ፍቱ፣ ቀጥሎ የላይኛውን። የሚወርደው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ ውኃ እንዳይገባ የሚያትመው ጎሚኒ ሳይለወጥ ወደ ሐይቅ አትመልሱት። አዲሱ ዘይት ከታች ወደ ላይ ይሞላል፣ አለዚያ አየር ውስጡ ይቀራል። ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት በቂ ነው (50 ለ 1፤ የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ካላለ)። ዘይቱ በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ዘይት አይተካውም። ካለፈው ዓመት የተረፈውን ድብልቅ አትጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ከእኛው መካከል አንዱ ብቻ ነው ሁልጊዜ የሚያጥበው፣ የሚጠግነው። ሌሎቻችን ገንዘብ እናዋጣለን፤ እሱ ግን ተቀይሟል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቅያሜው ትክክል ነው። እኩል ያዋጣችሁት ገንዘብ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ የአንድ ሰው ሆኗል። አደጋም አለው፦ ያ ሰው በሌለበት ቀን ሞተሩ ሐይቁ መሀል ቢጠፋ ካንዴላ ፈትቶ ማድረቅ የሚችል የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተራ ግቡ፤ የሚያውቀው ከማያውቀው ይጣመር፣ በሚቀጥለው ወር ጥንዱ ይቀያየር።

አንድ ደብተር ጀልባዋ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የወጣ ሰው ቀኑን፣ የነዳጁን መጠን፣ የተበላሸውን ይጻፍበት። የሄደበትን ቤንዚን ራሱ ይክፈል። የጀልባዋ ጠባቂ ደመወዝና የውኃ ፓምፑ ጎማ መለወጫ ግን የወጣም ያልወጣም እኩል የሚያዋጣው ነው፤ ይህ እንደ ዕቁብ በዕጣ የሚወሰድ ገንዘብ አይደለም። አንዱ ድርሻውን ሸጦ መውጣት ቢፈልግ ዋጋውን ማን እንደሚገምትና በስንት ጊዜ እንደሚከፈለው አሁን፣ ፍቅር ሳለ፣ በምስክር ፊት ጻፉ። የጀልባዋን ሆድ መፋቅ በዓመት አንዴ በደቦ ይሁን፤ መፋቅ የማይችል ምሳውን ያምጣ።

ሐይቁ ላይ ያሉትን ዓሣ አስጋሪዎችም አትርሱ። ሞተራችሁ ሲቆም ጎትቶ የሚያወጣችሁ እነሱ ናቸው። የመረባቸውን ተንሳፋፊ ስታዩ ርቃችሁ ዙሩ፤ መረብ ከቆረጣችሁ ፈልጋችሁ ካሱ። የራሳችሁ 20 ሜትር ገመድ፣ ሁለት መቅዘፊያና በተሳፋሪ ቁጥር የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይኖር ከዳር አትነሡ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። የፋይበር ግላስ ጀልባችንን ስንጥቅ ለጠፍነው፤ ሳምንት ሆኖትም ይጣበቃል።

መልስ፦ ብርዱና ጉሙ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም፣ እርጥብ ላይም አይዝም። ያልደረቀውን ፍቃችሁ አንሡ። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ብትሠሩት ይሻላል፤ ካልሆነ ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን ላይ ሥሩት። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአሴቶን ጥረጉ። ለ1 ኪሎ ሬዚን ማድረቂያው ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛት ልጥፉን ያሰነጥቀዋል። ሬዚኑም ማድረቂያውም ዓይንና ቆዳ ይጎዳሉ፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ። የላዩ ፊት ብቻ ትንሽ ቢጣበቅ ግን አየር ስለነካው ነው፤ ሲለጠፍ በላስቲክ ሸፍኑት። በማግስቱ ጀልባዋ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሳችሁ ከውጭ በኩል ጠብታ መኖሩን እዩ።